አንድ ሳክስፎን ለሁለት አፍ

የመጀመሪያው የጃዝ ትምህርቴ የሰው ምራቅ መቅመስ ነበር። ሌላው የሙዚቃ ሰው የጥንቱን ሲያነሳ «ያን ድምፅ የሰማሁ ቀን ልቤ ቀጥ አለ» ይላል። የእኔ ልብ ቀጥ አላለም፤ ሆዴ ነው የተገለበጠው። ሳክስፎኑን አብሮኝ ከሚማር ከአንድ ዳኛ ልጅ እጅ ተቀብዬ የሚነፋበትን አፉን ከንፈሬ መሐል ሳስገባው፣ ሞቅ ያለ፣ የሚያሟልጭ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል ነገር ምላሴ ላይ ተዘረጋ። ዋጥኩት። ምን ላድርግ፣ ፈረንጁ አስተማሪ ፊቴ ተገትሮ «ንፋ» ይላል።

እኔ እጸየፋለሁ። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። የሰው ምራቅ፣ የሰው ጣት የገባበት ውኃ፣ የሰው ጥርስ ያረፈበት ዳቦ አይሆንልኝም። ከእናቴ የወረስኩት ነው። እናቴ ቀኑን ሙሉ እስከ ክንዷ ጭቃ ውስጥ የምትውል ሴት ነበረች፤ ቤታችን ውስጥ ግን ለእኔም ለእህቴም የየራሳችን መጠጫ ነበረን፤ አንዳችን በሌላችን ከጠጣን ተቆጥታ በአመድ ፈትጋ ታጥበው ነበር። ሸክላ ሠሪ ናት። ቤታችን የሸክላ ሠሪዎች ሠፈር ቀጨኔ፣ ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ነው። ከየት ነህ ሲሉኝ ግን «ጉለሌ» እል ነበር። ውሸት አልነበረም፤ ጉለሌ ሰፊ ነው፤ ሁሉንም ያቅፋል።

የዛሬ ልጆች ላይገባችሁ ይችላል። ያኔ ለብዙ ሰው ሸክላ ሠሪ ማለት ቡዳ ማለት ነበር፤ ዓይኑ ሰው የሚበላ። ገበያ ላይ እናቴን ድስቱ ስንት ነው ብለው የሚጠይቋት ሰዎች ፊቷን አያዩም፤ መሬት መሬቱን እያዩ ይከራከራሉ። ሕፃን ያዘለች ሴት ከሆነች ነጠላዋን ልጇ ላይ ጣል ታደርጋለች። ከዚያ ድስቱን ይዘው ይሄዱና ወጥ ሠርተውበት እስከ ታች ይጠርጉታል። ሸክላው ንጹሕ፣ ሠሪዋ ርኩስ። ይህን ነገር ገና በልጅነቴ አስቤው አስቤው፣ መልስ አጥቼለት ትቼዋለሁ።

ትምህርት ቤቱ ጣልያን ጥሎት የሄደ መጋዘን ነበር። ቀን ቀን የታይፕ ጸሐፊዎችና የሒሳብ ሠራተኞች ይሠለጥኑበታል፤ ከሥራ መውጫ በኋላ ደግሞ መማር ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው፤ አናጢውም፣ ተላላኪውም፣ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ልጅም ይገባል። አንድ ዓመት ላይ አንድ ፈረንጅ ሳጥን ሙሉ መሣሪያ ይዞ መጣና «የጃዝ አጨዋወት» የሚባል ትምህርት ተከፈተ። ሲጨርሱ ምስክር ወረቀት አለው ተባለ። ጃዝ ምን እንደሆነ ከእኛ መሐል የሚያውቅ አልነበረም። እኔ የተመዘገብኩት፣ ትንፋሽ የሚሸጥ ሰው ጭቃ አይረግጥም ብዬ ነው።

ከሳጥኑ የወጣው ሳክስፎን አንድ ነው። የተመደብንበት ሁለት ሰዎች፣ እኔና የዳኛው ልጅ። የዳኛው ልጅ ቁመናው ያማረ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሳቂታ ልጅ ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም። አፉ ግን የከብት ነው። ቆሎ እየቆረጠመ ይነፋል። ጠላ ጠጥቶ ይነፋል። አንድ ቀን ሳክስፎኑ አፍ ላይ የምትታሰረዋን የሸምበቆ ምላስ ላጸዳ ስፈታት፣ ከሥሯ የሽንብራ ገለፈት አወጣሁ። ያቅለሸለሸኝን አልነግራችሁም። ከዚያ በኋላ በትንሽ ጠርሙስ አረቄ ይዤ እሄድ ጀመር፤ ከእሱ ስቀበል ጥጥ በአረቄ ነክሬ የሳክስፎኑን አፍ ውስጥና ውጪውን እወለውለዋለሁ።

ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ይፈርሳል። «ኧረ ይኼ ሰው ጤፉ፣ ምራቃችንም ናቀን» ይላሉ። የዳኛው ልጅ ራሱ ትከሻዬን አቅፎ «ተዉት፣ የንጉሥ ዘር ሳይሆን አይቀርም» ይላል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባል የለ።

መጋዘኑ ራሱ ይሸት ነበር። ከወንዙ በኩል ከሳሙና ፋብሪካ የሚቀቀል ሞራ ሽታ ይመጣል፤ ውስጡ ደግሞ የእግር፣ የላብ፣ ዝናብ የነካው ካፖርት ሽታ። የፈረንጁ ረዳትና አስተርጓሚ ከጦር ሠራዊት ባንድ በጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ ነበር። የሳክስፎኑ አፍ አንገቱ ላይ የሚሰካበት ቡሽ እንዳይደርቅ በሞራ ይቀባዋል። ጾም ሲገባ ታዲያ ግማሹ ክፍል ተነሳበት። «በጾም አፋችንን ሞራ ልታስነኩን ነው?» አሉት። ነጋዴ ቤት የሚሠሩት ሁለት እስላም ልጆችም «የሞተ ከብት ሞራ ቢሆንስ ማን ያውቃል» ብለው አከሉበት። ሃምሳ አለቃው ተማረረና የኑግ ዘይት ይቀባው ጀመር። ኑጉ በሦስተኛው ቀን ገማ። ጃዝን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ የሚመጣው የገማ ኑግ ነው።

ፈረንጁን በተመለከተ ምን ልበል። ወፍራም፣ ላቡን በመሐረብ ሲጠርግ የሚውል፣ ሲደሰት ራሳችንን እንደ ጥጃ የሚደባብስ ሰው ነበር። እጁ እርጥብ ነው። በየቀኑ አንድ ነገር ሳይል አያልፍም፤ ሃምሳ አለቃውም ደረቱን ነፍቶ ይተረጉመዋል፤ «ጃዝ የነፃነት ሙዚቃ ነው ይላችኋል። የተናቁ ሰዎች የፈጠሩት ነው ይላችኋል።» ድንቄም ነፃነት። ፈረንጁ ያን እየተናገረ እኛን በስማችን ጠርቶ አያውቅም ነበር፤ በጣቱ ነው የሚጠራን።

አንድ ነገር ግን አልክደውም። የተጻፈውን ኖታ ከጨረስን በኋላ ከራሳችን አመንጭተን እንድንነፋ ያዝዘን ነበር። ሃምሳ አለቃው ይህን የሚተረጉምበት ቃል ቢያጣ «ዝረፉ ነው የሚላችሁ፤ የቅኔ ተማሪ ቅኔ እንደሚዘርፍ» አለን። ያኔ ነው የገባኝ። በልጅነቴ ሸክላ ሲተኮስ እሳቱን የምነፋው እኔ ስለነበርኩ ትንፋሽ አላጣሁም። ዓይኔን ጨፍኜ የእናቴን የዕለት ሥራ ማሰብ ነው፤ ጭቃው ሲረገጥ፣ ሲዳመጥ፣ ክብ ሲወጣ፣ አንዳንዱ እሳት ላይ ሲሰነጠቅ። ያን እነፋለሁ። ሌሎቹ መንፋታቸውን ትተው ያዩኝ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ትርኢት እንደሚኖር ተነገረን። ባለሥልጣናትና ወላጆች ይጠራሉ፤ የአንድ ትልቅ ሆቴል ባንድ መሪም ይመጣል፤ ሳክስፎን ነፊው ስለለቀቀበት ምትክ ይፈልጋል። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ብቻውን ቆሞ የሚዘርፈውን ነው። ፈረንጁ በጣቱ እኔን ጠቆመ። የዳኛው ልጅ ተነስቶ ጨበጠኝ፤ «ይገባሃል» አለኝ፤ ከልቡ ነበር።

በዚያን ጊዜ እናቴ ታስላለች። የሸክላ ጭስ ሳንባዋን ይዞት፣ ስትተኛ ቤቱ አብሯት ይነቃነቃል። ያቺን የሆቴል ወንበር ካገኘሁ እናቴን ከጭሱ አወጣታለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረኝም። ለእሷም ነገርኳት። «ሆቴል?» አለችኝ። «ሆቴሉ እኮ ለቱሪስት የአገር ምግብ የሚያቀርብበት ምጣድና ድስት ከኛ ሠፈር ይወስዳል። እዚያ ውስጥ ልትገባ ነው?» አዎ አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ሕማማት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የመጋዘኑ የውኃ በርሜል ዝጎ ተቀደደ። ሲነፋ ጉሮሮ ይደርቃል፤ ያለ ውኃ አይሆንም። ሃምሳ አለቃው ተላላኪውን ልኮ ከመንገድ ዳር ሸክላ ሻጮች ትልቅ እንስራ አዘዘ። ልምምድ ላይ እያለን በሩ ተከፈተና እናቴ እንስራውን በገመድ አዝላ፣ ጎንበስ ብላ ገባች። ወዴት እንደምትሄድ አልነገሯትም፤ ተላላኪው ነው የመራት። ቀና ስትል ሳክስፎኑን ይዤ አየችኝ። ወዲያው ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች፤ የማታውቀኝ መሰለች። እኔን ልትሸፍን ብላ ነው።

ሃምሳ አለቃው «አንቺ ሴትዮ፣ እዚያ ጥግ አውርጂና ውጪ» አላት።

ያ «አንቺ ሴትዮ» አይደለም ያንገበገበኝ። እናቴ ልጇን እንደማታውቅ ሆና መቆሟ ነው። ሳክስፎኑን ወንበር ላይ አስቀመጥኩና ሄድኩ። «እማዬ፣ ቆይ ላውርድልሽ» አልኳት። በጥርሷ መሐል «ተው፣ ተው» አለችኝ። አልተውኩም። ገመዱን ፈታሁላት፣ እንስራውን አወረድኩት፣ ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞሬ «እናቴ ናት» አልኳቸው።

የሳቀ የለም። ሃምሳ አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። እናቴ እጅ ነስታ ወጣች። ተራው የዳኛው ልጅ ስለነበር ሳክስፎኑን አነሳሁና ሰጠሁት። እጁን አልዘረጋም። «ዛሬ ጥርሴን አሞኛል» አለኝ፤ ጥርሱን ሳይሆን ጉንጩን ይዞ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ሳያይ ነው ያናገረኝ።

ከእንስራው ግን ጠጡ። ይህን ልብ በሉልኝ። ከእንስራው አንገት በታች፣ እናቴ በሥራዋ ሁሉ ላይ ጎን ለጎን የምትጫናቸው ሁለት የአውራ ጣት ምልክቶች አሉ፤ ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ እየተሻሙ፣ በአንዲት ጣሳ፣ አንዱ ከሌላው አፍ እየነጠቀ ጠጡ። እኔ ጥግ ቆሜ አየኋቸው። ያን ቀን የሰው ልጅ አስጠላኝ፤ እንዲያው በጅምላ።

ፋሲካ ሆነና የዳኛው ልጅ ታመመ። ጾሙን ሲፈታ ጥሬ ሥጋ እንደ ጉድ በልቶ፣ በላዩ ጠጅ ገልብጦ፣ ሆዱ ተነፍቶ ወደቀ። ይህን የነገረኝ ሃምሳ አለቃው ነው፤ ሊጠይቀው ቤቱ ሄዶ ነበር። ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ነጭ ሽንኩርትና ሌላም ሌላም ነገር አጭሰው ራሱን ጭሱ ላይ ደፍተው ይዘውታል። «ማን ነው የበላህ? ተናገር» ይሉታል። የታፈነ ሰው ምን የማይለው አለ፤ እኔን ጠራ። ስሜን ሲጠራ አስመለሰው። ሲያስመልሰው ዳነ። እንግዲህ ሥጋው ወጣለት ማለት ነው፤ እነሱ ግን ቡዳው ለቀቀው አሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አለ የአገሬ ሰው። እኔ የእሱን ሽንኩርት፣ የእሱን ጠላ፣ የእሱን ሽንብራ ስውጥ ከርሜ፣ በመጨረሻ በላኝ ተባልኩ።

ሲመለስ አንገቱ ላይ ክታብ፣ ኪሱ ውስጥ ጤና አዳም ነበረው። ሲያልፍ ጤና አዳሙ ይሸተኛል። ከፒያሳም አባቱ ያስገዛለትን የራሱን የሳክስፎን አፍ ይዞ መጣ፤ ቬሉዶ በሚሉት ለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ። ፈረንጁ ይህን ሲያይ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ክፍሉን ሰብስቦ አዲሱን አፍ ከፍ አድርጎ አሳየን። ሃምሳ አለቃው መሬት መሬቱን እያየ ተረጎመ፤ «ይኼ ልጅ ሥልጣኔ ገብቶታል ይላችኋል። ንጽሕና ማለት ይህ ነው ይላችኋል። ሁላችሁም ከሱ ተማሩ ይላችኋል።» ከዚያ ፈረንጁ የዳኛውን ልጅ ራስ ደባበሰው። እኔ ባለ አረቄው፣ ባለ ጥጡ፣ ያ ሁሉ ሳቅ የተሳቀብኝ፣ ቆሜ አጨበጨብኩ። ሌላ ምን ላድርግ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አሮጌው አፍ የእኔ ብቻ ሆነ። ስንት ወር ስመኘው የነበረ ነገር ነው። ማንም አይነካብኝም፤ ሽንኩርት የለ፣ ቆሎ የለ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ያን ንጹሕ አፍ ከንፈሬ መሐል ባስገባሁ ቁጥር፣ ከቀድሞው የባሰ ያቅለሸልሸኝ ጀመር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ። ትርኢቱ ሲቃረብ ሃምሳ አለቃው ወደ ውጭ ጠራኝ። አጥሩ ጥግ ቆምን። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች እስኪያልፉ ጠበቀ፤ ከዚያ ከኮቱ ኪስ ጥቁር መነጽር አወጣ።

«አየህ ልጄ፣ እኔ በዚህ ነገር አላምንም። ስንት አገር ዞሬያለሁ። ግን ሰው ያምናል። የፊት ወንበር ላይ ባላባት ይቀመጣል፣ ነፍሰ ጡር ትኖራለች። አንዱን ራሱን ቢያመው በማን ይላከካል? ይህን አድርግና ንፋ። ማንንም አታይም፤ ማንም አይፈራህም። ለአንተው ብዬ ነው።»

በሕይወቴ እንደ «ለአንተው ብዬ ነው» የምጠላው አነጋገር የለም። የሚሰድብ ሰው ቢያንስ የራሱን ነገር ይናገራል፤ ለአንተው ብዬ ነው የሚል ግን ስድቡን አስታቅፎህ ምስጋና ይጠብቃል። «እርስዎ ካላመኑበት እኔ ለምን አደርገዋለሁ?» አልኩት። «ወንበሩን አትፈልግም?» አለኝ።

እፈልጋለሁ። እናቴ ሌሊቱን ስታስል አድራ ነበር። መነጽሩን ተቀበልኩ።

ልምምድ ላይ አድርጌው ብቅ ስል ፈረንጁ ጮኸ። በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ያዘ። ሃምሳ አለቃው ፊቱን ወዲያ አዙሮ «እውነተኛ የጃዝ ሰው ማለት ይህ ነው ይላል። በአገሩ ታላላቆቹ እንደዚህ ያደርጋሉ ይላል። ማን ነገረው ይላል» አለኝ። እኔ ሃምሳ አለቃውን አየሁት፣ በጥቁሩ መስታወት ውስጥ። «ማን ነገረኝ ይበሉት?» አልኩት። ወደ ፈረንጁ ዞሮ አንድ ነገር አለው፤ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ፈረንጁ ሳቀና ራሴን ደባበሰኝ።

የትርኢቱ ቀን መጋዘኑ ታጥቦ፣ የንጉሡ ሥዕል በሰንደቅ ዓላማ ተከቦ፣ ሽታው ግን አልለቀቀም። እናቴን ውስጥ ግቢ ብላት እምቢ አለች። «ገብቼ ሰው ከሸሸ አንተን ነው የማበላሸው። በመስኮቱ አይሃለሁ» አለችኝ። ንጹሕ ነጠላ ለብሳ፣ ጸጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ ውጭ ድንጋይ ላይ ቆመች።

አባትየው ዳኛ ፊት ስለተቀመጠ የዳኛው ልጅም አንድ አጭር ነገር እንዲነፋ ተደርጎ ነበር። ቀድሞ ወጣ፤ ከእኔ በኋላ መንካት ስለማይፈልግ ነው ቅደም ተከተሉ የተዘዋወረው። በአዲሱ አፉ ነፋ፤ አልተሳሳተም፣ አላማረበትምም። ሲጨርስ አፉን ነቅሎ በቬሉዶው ጠቀለለ፤ ሳክስፎኑን በእጄ ሳይሰጠኝ ወንበሩ ላይ አስቀምጦልኝ ወረደ።

አነሳሁት። የራሴን አፍ ከመሰካቴ በፊት እንደተማርኩት ዘንበል አደረግሁት። ከውስጡ የዳኛው ልጅ ምራቅና ላበት ተንጠፍጥፎ መድረኩ ላይ ፈሰሰ፤ ብዙ ነበር፤ ጫማዬ ሥር ኩሬ ሠራ። የፊት ወንበር ላይ ያሉት ሁሉ አዩት። አንድም ሰው ፊቱን አላጨማደደም። የዳኛ ልጅ ምራቅ ነዋ።

መንፋት ጀመርኩ። በጥቁሩ መነጽር ውስጥ አዳራሹ ጨለማ ነው። ኖታውን ጨርሼ መዝረፉ ጋ ስደርስ እንደ ልማዴ የእናቴን ጭቃ፣ የእናቴን እሳት አሰብኩ። በመስኮቱ ትኖራለች አልኩ። መስኮቱ ግን አይታየኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጀግንነት አልነበረም፤ እናቴን ማየት ስለፈለግሁ ብቻ ነው። ትንፋሽ በምወስድበት መሐል መነጽሩን በአንድ እጄ አወለቅሁና ኪሴ ከተትኩት።

አየኋት። አገጯ መስኮቱ ላይ አርፏል። እሷን እያየሁ ነፋሁ። ከዚያ ዓይኔን ወደ ሰዎቹ ሳወርድ፣ ከኋላው ወንበር ያሉት ምንም አልመሰላቸውም፤ ወሬው የደረሳቸው የፊቶቹ ግን አንገታቸውን ደፉ። ዳኛው ጫማውን ያያል። ልጁ ክታቡን ይዟል። አንዲት ወይዘሮ ነጠላዋን ጭኗ ላይ ባለው ሕፃን ፊት ላይ ስትከድን አየሁ፤ ልክ እንደ ገበያው። እኔም አላቆምኩም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ፣ አንድ በአንድ እያየኋቸው፣ ያለኝን ትንፋሽ ሁሉ ነፋሁባቸው።

ሲያልቅ ከኋላ ያለው ሕዝብ ቤቱን አናጋው። ፈረንጁ ዓይኑ እንባ ሞልቶ መጣና አቀፈኝ። በተሰባበረ አማርኛ «ሰዎች… ጸሎት… ራስ ወደ ታች» አለኝ። በሙዚቃው ተመስጠው ያጎነበሱ መስሎታል። እስኪሞት ድረስ እንደዚያ ብሎ ሲያወራ እንደኖረ አልጠራጠርም።

የሆቴሉ ባንድ መሪ ከመድረኩ በስተኋላ አገኘኝ። አበሻ ነው፤ የገባውን ገብቶታል። እናቴም መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ትችላለህ» አለኝ። «እንዳንተ የሚነፋ አላውቅም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ና። ግን» አለና ወደ ኪሴ በአገጩ ጠቆመ፣ «መነጽሩ ከዓይንህ እንዳይወርድ። እንግዳ አለብኝ፣ ሠራተኛ አለብኝ፣ የሚበላ ሰው ነው የሚመጣልኝ።»

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት እናቴ እጇን ኪሴ ውስጥ አስገብታ መነጽሩን አወጣች። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ የራሷ ዓይን ላይ አደረገችው። በዚያ በጭስ በጠቆረ ትንሽ ፊቷ ላይ ተልቆ ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ። ሰውየውን ቀና ብላ አየችው።

«እኔስ ጌታዬ» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «ድስት ይዤ ስመጣ ይህን አድርጌ ልምጣ?»

ባንድ መሪው ሰዓቱን አየ። «ሰኞ» ብሎኝ ሄደ። እናቴ መነጽሩን አልመለሰችልኝም። በማግሥቱ ሸክላ ስትተኩስ እሳቱ ውስጥ ወረወረችው። ሃምሳ አለቃው «መነጽሩ የእኔ ነበር» እያለ ብዙ ጊዜ ይጠይቀኝ ነበር።

ሰኞ ባዶ ዓይኔን ሄድኩ። ምናልባት ባንድ መሪው ባየኝ ጊዜ ያፍራል፣ ምናልባት ነፊ ቸግሮታል ብዬ ነው። በዋናው በር አላስገቡኝም፤ ዘበኛው በጓሮ ዙር አለኝ። በጓሮው በኩል ባንድ መሪው ራሱ ወጣ፤ ዓይኔን አየ፤ ቶሎ ብሎ ትከሻዬን ማየት ጀመረ። «ሰው አግኝተናል» አለኝና በሩን ገፋው።

በሩ ግን ጨርሶ አልተዘጋም፤ የወጥ ቤቱ በር ነበርና ሰው ይገባበታል ይወጣበታል። በክፍተቱ አዳዲስ ድስቶች መደርደሪያ ላይ በረድፍ ተደርድረው አየሁ። እያንዳንዱ ከአንገቱ በታች ጎን ለጎን ሁለት የአውራ ጣት ምልክት ነበረበት። አንዲት ሴት አንዱን አንስታ፣ አፉን በመዳፏ ጠረግ አድርጋ፣ ምድጃ ላይ ጣደችው።